ዘር የተቀበለ ማሳ ሁሉ አያፈራም

(ጀውሃ ላይ ለተሰበሰቡ ምእመናን የቀረበ ዲስኩር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



የእግዚአብሔርን ቃል ስለ መቀበልና በቃሉ ስለ መኖር እንድናገር የተጋበዝሁ ጊዜ መጻሕፍት አወጣሁ፣ ማስታወሻ ያዝሁ፣ ብዙ ጻፍሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ከሸዋ ሮቢት ወደዚህ ስመጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራስ አውጥቶ፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲያሽከረክሩ አየሁ። ያን ጊዜ ማስታወሻዬን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ጀውሃ ላይ ስለ ዘር ለሚናገር ሰው ማሳው ራሱ ይበቃዋል። በዘር ጉዳይማ ሊቃውንቱ እናንተ ናችሁ፤ ስሳሳት አርሙኝ።

ጌታችን በገሊላ ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ተቀምጦ የተናገረውን የዘሪውን ምሳሌ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ማቴዎስ በምዕራፍ 13፣ ማርቆስ በምዕራፍ 4፣ ሉቃስ በምዕራፍ 8 ጽፈውታል። አንዱ ዘር መንገድ ዳር ወድቆ ወፎች ለቀሙት። አንዱ ጭንጫ ላይ ወድቆ ፈጥኖ በቀለ፤ ፈጥኖም ደረቀ። አንዱ እሾህ መካከል ወድቆ ታነቀ። አንዱ መልካም መሬት አግኝቶ ሠላሳ፣ ስድሳ፣ መቶ አፈራ። ይህን ምሳሌ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ «አንተስ የትኛው መሬት ነህ?» ብለን ጠይቀን እንቀመጣለን።

እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የትኛው ገበሬ ነው መሬቱን «ምን ዓይነት ነህ?» ብሎ ጠይቆ ወደ ቤቱ የሚገባው? ድንጋይ ይለቀማል። እሾህ ይመነጠራል። የተረገጠ መንገድም በሬ ከተጠመደበት ይታረሳል። ዛሬ ሽንኩርትና ማሾ የምታመርቱበት መሬት አያቶቻችሁ ግራሩን መንጥረው፣ ድንጋዩን ከምረው ያቀኑት ነው። መሬት ዕጣ ፈንታ ቢሆን ኖሮ ይህ የይፋት አገራችን ዛሬም ዱር በሆነ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን በገበሬ ቋንቋ ልለውጠው፦ ዘሩ ከወደቀ በኋላ ምን ሠራህ? ሉቃስም ስለ መልካሙ መሬት ሲጽፍ፣ ቃሉን ሰምተው የሚጠብቁት ሰዎች የሚያፈሩት በትዕግሥት መሆኑን አልዘለለም። ዘር በአንድ ቀን ይዘራል፤ ትዕግሥት ግን ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ነው።

የዛሬው ንግግሬ ባጭሩ ይህ ነው። ቃሉን መቀበል ማለት መስማት ብቻ አይደለም፤ የተዘራውን ነገር አውድማ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ክርስትናችን የሚጎዳው ሰባኪ ጠፍቶ አይደለም። በዘርና በአጨዳ መካከል ያለው ሥራ ሠራተኛ አጥቶ ነው።

እንግዲህ ከመንገዱ እንጀምር። ጀውሃ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ሁሉ በደጃችን ያልፋል። አይሱዙው ሽንኩርት ጭኖ ይበርራል፣ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል፤ ለአፍታ ቆሞ ውሃ የሚገዛ አለ፣ ጨርሶ የማይቆም አለ። በምሳሌው መንገድ ክፉ መሬት ነው፤ ብዙ እግር ስለረገጠው ዘር አያስገባም። የእኛም ጆሮ እንደዚያ ሆኗል። ጠዋት በሬዲዮ ስብከት፣ ቀን በስልክ መዝሙር፣ ማታ ደግሞ አንዱ ሰባኪ ሌላውን ሲነቅፍ እንሰማለን። ቃሉ ብዙ ጊዜ ረግጦን ከማለፉ የተነሣ ልባችን ጠጥሯል። ስብከት ሲጀመር ገና ከመግቢያው «ይህንንስ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው፣ ዘሩ መንገድ ዳር የወደቀበት እርሱ ነው።

ነገር ግን መንገድን አልናቅም፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ቃሉን የተቀበለው በመንገድ ላይ ነውና። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የንግሥት ሕንደኬን ጃንደረባ ታሪክ ይነግረናል። የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ትልቅ ባለ ሥልጣን ነው። ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብባል። ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ብሎ ይገባኛል የሚል መልስ ሰጠ። እስቲ አስቡት፤ የግምጃ ቤት ሹም በእግሩ ለሚሄድ መንገደኛ «አልገባኝም» አለ! ከዚያም ከአጠገቡ አስቀመጠው። ውሃ ባዩ ጊዜ ደግሞ ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጥምቀቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሠረገላው መቆሙ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ጉዳዩ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ከኋላው አጃቢ ይኖራል፤ እርሱ ግን አቆመ። በመንገድ ላይ ያለ ሰው ቃሉን የሚቀበለው ሠረገላውን ሲያቆም ነው። እናንተ የምትነዱት አይሱዙ ይሁን ባጃጅ፣ ሱቅ ይሁን የሽንኩርት ድለላ፣ በቀን አንድ ጊዜ ማቆም ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ጭንጫው ነው። ጭንጫ ላይ ያለ ቡቃያ በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ ቀድሞ ይታያል። ገበሬ ያልሆነ ሰው ቢያየው «የዘንድሮ አዝመራ እዚህ ነው!» ይላል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ፣ ኋላም በቁስጥንጥንያ ያስተምር የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ በዚህ ነገር በጣም ያዝን ነበር። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ስብከት ደስ ሲለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጨበጭብ ነበር። ለእርሱም ይጨበጨብለት ነበር። እርሱ ግን ጭብጨባው ሲሰማው ለጊዜው ሰው ነኝና ደስ ይለኛል፣ ቤቴ ስገባ ግን ሰሚዎቼ ከጭብጨባው በቀር ምንም ሳይዙ መሄዳቸውን ሳስብ አዝናለሁ በሚል መንፈስ ሕዝቡን ወቅሷል። እኛ ዘንድ ጭብጨባው እልልታ ነው። እልልታን አልቃወምም፤ የእናቶቻችን እልልታ የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ነው። ነገር ግን እልልታው ደጀ ሰላም ላይ ቀርቶ ቤት የሚገባው ቁጣና ስድብ ከሆነ፣ ያ እልልታ የጭንጫ ላይ ቡቃያ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው፣ ፊቱን በመስተዋት አይቶ ዞር ሲል መልኩን ከሚረሳ ሰው ጋር አመሳስሎታል።

በቆላ ሌላም ምሳሌ አለን። ጀውሃ ብላችሁ ስትጽፉ በስሙ ጫፍ ውሃ ይገኛል። ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ የጀውሃ ወንዝ በአንዴ ይሞላል፤ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየነቀለ ይወርዳል። ጎርፉን ቆሞ ያየ ሰው «ዘንድሮ ውሃ ተትረፈረፈ» ሊል ይችላል። ያ ሁሉ ውሃ ግን ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። አዋሽ ራሱም ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ገብቶ በፀሐይ ይተናል። በወንዝ ዳር ያለ ማሳ ወንዝ ስላለፈበት አይጠጣም፤ የሚጠጣው ሰው ወንዙን ጠልፎ ቦይ ሲቀድድለት ነው። ቦዩ ከተቀደደ በኋላም ተራ አለ። የውሃ ተራህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሆነ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት አካፋህን ይዘህ ትወጣለህ። የተኛ ሰው ተራ ያልፈዋል።

ትልቅ ጉባኤ ጎርፍ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስብከት፣ መዝሙር፣ ሕዝብ፤ ድንቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ውሃ ወደ ጓዳህ የጠለፍኸው ስንት ነው? የእኔ ምክር ትንሽ ናት፦ ከአንድ ስብከት አንድ ቃል ጥለፉ። አንዷን ብቻ። ሳምንቱን ሙሉ እርሷን አጠጡ፤ ለልጆቻችሁ በእራት ጊዜ ንገሩ፣ ስታርሱ አመላልሷት። በተራችሁም ውጡ። የጸሎት ሰዓት የውሃ ተራ ነው።

ዛሬ በስልካችን ሳይቀር በአማርኛ የምናነበው መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ እንዴት ወደ አማርኛ እንደተመለሰ ታውቃላችሁ? በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጎጃም ሰው የነበሩ አንድ መነኩሴ፣ አባ አብርሃም፣ ካይሮ ከተማ ተቀምጠው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሱ። ፈረንጆች አቡ ሩሚ ብለው ያውቋቸዋል። ሥራውን ያሠራቸው በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል አስሊን ነው። አሥር ዓመት ፈጀባቸው፤ የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። እርሳቸው ግን ሥራው ሲታተም አላዩም፤ በወረርሽኝ እዚያው ካይሮ ዐረፉ። አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። አንድ ሰው ቃል በቃል እየመዘነ ወደ አማርኛ ለመመለስ አሥር ዓመት የደከመበትን መጽሐፍ እኛ በአውራ ጣት ወደ ላይ እያንሸራተትን እናልፈዋለን። ቃሉ እጃችን ለመግባት የሰው ዕድሜ አስከፍሏል። ከእጃችን ወደ ልባችን ለመግባትስ ከእኛ ምን ያህል ጊዜ ይጠይቅ ይሆን?

ቃሉ ልባችን ገብቶ ከበቀለ በኋላም ሥራ አለው፤ ስለዚህ አሁን ወደ ሽልሻሎ ልግባ። እዚህ ላለ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከከተማ ለመጡት እንግዶች ግን ልንገር። ማሽላ በቅሎ ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ በቡቃያው መካከል መልሶ ያርሰዋል። ለማያውቅ ሰው እብደት ነው። የበቀለን ሰብል ማን ያርሳል? አንዳንዱ ቡቃያ ይነቀላል፣ አንዳንዱ ይጎብጣል፤ ማሳው የጦር ሜዳ ይመስላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የተረፈው ቀና ይላል፣ አረሙ ይጠፋል፣ የዝናቡም ውሃ ወደ ሥሩ ይገባል። ሽልሻሎ ያልገባበት ማሽላ ተጨናንቆ፣ ቀጭን አገዳ ይዞ፣ ራስ ሳያወጣ ይቀራል።

ቃሉ ሁለት ጊዜ ያርሰናል። መጀመሪያ ስናምን ያርሰናል፤ ይህን ሁላችንም በደስታ እናወራለን። ሁለተኛው የሚመጣው ከበቀልን በኋላ ነው፤ ኑሯችን ከተደላደለ፣ ማኅበር ገብተን፣ ሰንበቴ ደግሰን፣ ሰው «እገሌ ጥሩ ክርስቲያን ነው» ካለን በኋላ። ያን ጊዜ ቃሉ ቆሞ ባለው ሕይወታችን መካከል ማረሻውን ይዞ ይገባል፤ እኛም «ይህማ የበቀለ ነው፣ አትንካው!» እንላለን። በ3ኛው ምዕተ ዓመት ግብጻዊው ወጣት እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጌታ ለባለጠጋው ጎልማሳ የተናገረውን ወንጌል ሲሰማ ለእርሱ የተነበበ ያህል ቆጠረው፤ ወጥቶም ከወላጆቹ የወረሰውን መሬት ለሰው ሰጠ። ያ ወንጌል በዚያን ዕለት ለሁሉም ነው የተነበበው። እንጦንስ ግን «ይህ ለእኔ ነው» አለ። ሽልሻሎ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው።

በጀውሃ ገበያ ሽልሻሎ ምን ይመስላል? ልዘርዝር፤ አትቀየሙኝ። ሚዛን ነው። ገዥው ዞር ሲል ሚዛን የሚቀሽብ እጅ፣ እሑድ ለመባረክ የሚዘረጋው ያው እጅ ነው። ማሾ ነው። ጆንያው አፍ ላይ የተለቀመው፣ ከሥር አሸዋ የተቀላቀለበት። ቲማቲም ነው። ትናንት የጸረ ተባይ መድኃኒት የተረጨውን ዛሬ ለቅሞ መጫን፤ የመታገሻውን ቀን ሳይጠብቁ። የሚበላው ሰው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ስለማናውቀው፣ ባልንጀራ አይደለም ማለት ነው? ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ቃል በመስኖ አገር ሲተረጎም አንድ ትርጉሙ መድኃኒቱ እስኪለቅ መታገሥ ነው። የቀን ሠራተኛም አለ። ከደጋ ወርዶ በፀሐያችን ሲቃጠል የዋለውን ልጅ «ሰኞ ና» ብለን እንሸኘዋለን። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድኻውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው ብሎ ያዝዛል። ፀሐይ እዚህ ስትጠልቅ ሁላችንም እናያታለን።

በምሳሌው ዘሩን ያነቀው እሾህ ነበር፤ ለእኛ ከዚህ ሁሉ የከፋው ጠላት ግን ከመሬት በታች ነው። የማሽላ አገር ሰው አቀንጭራን ያውቃታል። አበባዋ ሐምራዊ ነው፤ ከሩቅ ያያት ሰው ያጌጠ ማሳ ይመስለዋል። ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ከመሬት ወጥታ ሳትታይ ገና ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቃ ውሃውንና ምግቡን ትመጥጠዋለች። በላይ አበባ ስትታይ በታች ያለው ሥራ አልቋል። አንዲት አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የአቀንጭራ ዘር ዝናብ ስለ መጣ ብቻ አይነቃም። የሚነቃው የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚለቀው ቅመም ሲሸተው ነው። ባዶ መሬት ላይ ተኝታ ትኖራለች፤ መልካም ዘር ሲዘራ ትነቃለች።

ወገኖቼ፣ በመንፈሳዊ ሕይወትም እንዲህ ያለ አረም አለ። ስርቆትና ስካር በባዶ መሬትም ይበቅላሉ፤ ቃሉን ያልሰማ ሰውም ይሰርቃል፣ ይሰክራል። ግብዝነት ግን ቃሉ ባልተዘራበት ልብ አይበቅልም። የማይጾም ሰው በጾሙ አይታበይም። የማይመጸውት ሰው «ስሜ ለምን አልተጠራም?» ብሎ አያኮርፍም። መጽሐፍ የማያውቅ ሰው መጽሐፍ ጠቅሶ ጎረቤቱን አይሰድብም። ይህ አረም የሚነቃው ጾም፣ ምጽዋትና እውቀት ሲሸቱት ነው። አበባውም ያምራል፤ ሰው ያደንቀዋል። ከሥር ያለው ማሽላ ግን እየጠወለገ ነው። ጌታችን ቀራጮችን ሲታገሥ ፈሪሳውያንን ለምን አብዝቶ እንደገሠጸ የገባኝ አቀንጭራን ሳውቅ ነው።

መድኃኒቱስ? በምዕራብ ሸዋ ገጠር የተወለዱት የማሽላ ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። ዘዴው ከሥር ይጀምራል። ከእነዚያ ዝርያዎች ሥር የሚወጣው፣ አረሙን የሚቀሰቅሰው ቅመም እጅግ ጥቂት ነው። አረሙ አጠገቡ ተኝቶ ማሽላው ሳይቀሰቅሰው ያድጋል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጌታ በተራራው ስብከት ስለ ምጽዋት ያስተማረው ትዝ አለኝ፦ ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሰጠውን አይወቅ። ሥሩ ዝም ያለ ማሽላ ማለት ይህ ነው። ምጽዋትህን፣ ጾምህን፣ ስግደትህን አፈር ውስጥ ያለው አረም አይስማው። የዘመናችን ፈተና ደግሞ ሥራችንን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሥተን መልቀቅ ነው። ለድኻ ዘይት ስንሰጥ የድኻው ፊት ከዘይቱ ጋር ይታያል። እንዲህ ያለው ሥር አረሙን ራሱ ይጠራዋል።

አሁን የቀረን ወፉ፣ ግሪሳ ነው። ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ ጠብቄአለሁ። ግሪሳ ከሁሉ ይልቅ የምትበረታው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ልትጠልቅ ስትል ነው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድድ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አባቴ ከማማው ሥር ቆሟል፤ በማሳው አንድ ወገን ያለው ማሽላ ባዶ ገለባ ሆኗል። አልመታኝም። «አንተ ስትተኛ እኮ ወፉ አይተኛም» አለኝና ወደ በሬዎቹ ሄደ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ውስጤ የቀረ ግን የለም።

አንዲት ግሪሳ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል እህል ነው፤ እፍኝ አይሞላም። መንጋው አንድ ሚሊዮን ከሆነ ግን በቀን 100 ኩንታል ነው። እምነታችንንም የሚጨርሰው አንድ ትልቅ ክህደት ሳይሆን አሥር አሥር ግራሙ ነው። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እጸልያለሁ።» «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።» «ለአንድ ጊዜ ምን አለበት?» እያንዳንዷ እፍኝ አትሞላም።

በዚህ አገር ግን ከሁሉ የምታስፈራዋ ግሪሳ ሌላ ናት፤ ስለ እርሷ ሳልናገር ከወረድሁ አልታመንሁላችሁም። በ2013 ዓ.ም. ከእኛ በስተ ሰሜን ያለችው አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከእናንተ መካከል ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ የተነዳበት፣ ወንድሙን የቀበረ አለ። ጠላትን ስለ መውደድ የሚናገረውን ቃል አዲስ አበባ ሆኖ መስማትና ይፋት ሆኖ መስማት አንድ አይደለም። ይቅርታ ማለት የሆነውን መካድ አይደለም፤ ዳኝነት አይፈለግ ማለትም አይደለም። ያጠፋ ይጠየቅ። ነገር ግን ማታ እሳት ዳር ለልጃችሁ የሆነውን ስትነግሩ አንዲት ቃል ላይ ተጠንቀቁ። «እገሌ ይህን አደረገ» ማለት ምስክርነት ነው። «እነሱ እኮ...» ስትሉ ግን ግሪሳው ገብቷል። «እነሱ» ውስጥ ደብቆ ያሳደራችሁ ጎረቤትም አለ፤ ገና ያልተወለደ ሕፃንም አለ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቃዮቹ የለመነው እኛ እንድናደንቀው ብቻ ሳይሆን እንድንከተለው ነው። ይህ ዘር በእናንተ ማሳ ካፈራ መቶ እጥፍ ማለት ያ ነው።

ግሪሳን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያባርርም። አንተ ስትጮኽ ከአንተ ማሳ ተነሥታ ጎረቤትህ ማሳ ታርፋለች፤ እርሱ ካልጮኸ ጠግባ ወደ አንተ ትመለሳለች። ስለዚህ ከማማ ወደ ማማ እንጠራራለን። በይፋት ደግሞ በአጠገብህ ባለው ማማ ላይ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነው። ጅራፉን ሲያጮኽ ለአንተም ማሳ ይተርፋል፤ ያንተ ወንጭፍም ለእርሱ ይተርፋል። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕድር የተሠሩት ለመጠራራት ነው። ወንድምህ ሦስት እሑድ ከቀረ ማማው ላይ ተኝቷል ማለት ነው፤ ሂድና ጥራው። ስለ እርሱ ከማውራት እርሱን መጥራት ይቀልላል።

ምእመናን፣ ጌታ በገሊላ ሲናገር ለስንዴ አራሽ መቶ ፍሬ ተአምር ነበር። ለማሽላ አራሽ ግን አይገርምም፤ አንድ ዘር አንድ ራስ ያወጣል፣ ራሱም ከሺህ በላይ ፍሬ ይይዛል። ዘሩ አቅም አለው። የሚጎድለው የእኛ ክትትል ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ከተነገረው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ሚዛን ቀሽቦ ያውቅ የነበረ ሚዛኑን ያስተካክል፤ የሠራተኛ ገንዘብ ያሳደረ ዛሬ ማታ ይክፈል፤ ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ ደጁን ያንኳኳ። ያደረጋችሁትንም ለማንም አትንገሩ፤ ለእኔም ቢሆን። ጀንበሯ እያዘቀዘቀች ነው፤ ግሪሳ የምትወርድበት ሰዓት ደርሷል። ልጆቹ ማማ ላይ ናቸው፤ እናንተም ወደ ማማችሁ ውጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።